የማሙሽ ግድግዳና የሐኪማ ባዶ ቦታ

አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዳርቻ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ስለ ሐኪማ ሙሐመድሁሴን የሚወራው ይህ ነው፦ ሰው ሞቶ፣ የለቅሶ ወረቀት ሥሪ ተብላ፣ የሟቿን ታላቅ ወንድም ስም «ገጹን ያበላሽብኛል» ብላ ሰርዛዋለች። ወሬው ከዚያ ወዲያ ክንፍ አውጥቷል። አናንዴል ሲደርስ የተሰረዘው ወንድሙ ብቻ ሳይሆን ልጆቹም ናቸው። አሌክሳንድሪያ ሲደርስ ሟቿንም ልትሰርዛት ነበር፣ ሰው ይዟት ነው። አንዲት ሴትዮ ደግሞ፣ ስማቸው ይቆየን፣ «የሰረዘችው እኮ በቀይ እስክሪብቶ ነው፤ አስተማሪ አይደለች!» ብለው ምለዋል።

ነገሩ እንዲህ አይደለም። ሐኪማ የማንንም ስም አልሰረዘችም። የሰውዬው ስም ወረቀቱ ላይ ነበረ፤ ያውም አንደኛ ሆኖ። ጥፋቱ የማሙሽ ግድግዳ ነው። ግድግዳው ጋ ለመድረስ ግን ቀድሞ ሴትየዋን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሐኪማ የደሴ ልጅ ናት። በዲቪ መጥታ መጀመሪያ የኖረችው ላንግሊ ፓርክ ነው፤ ከሌሎች ሴቶች ጋር አንድ አፓርትመንት ተጋርታ፣ ፍሪጅ ውስጥ የየራሳቸው መደርደሪያ እያላቸው፣ አንዷ የሌላዋን ወተት እየጠጣች። ቀን ቀን ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ፣ ያቺ ሣጥን የምታህል ቤት ውስጥ ተቀምጣ ቲኬት ትቀበል ነበር። በኋላ አሌክሳንድሪያ አንድ ኮፒ ቤት ሥራ አገኘች። ከላንግሊ ፓርክ አሌክሳንድሪያ በአውቶቡስና በባቡር መመላለስ ለማያውቀው ሰው ከደሴ ኮምቦልቻ ወረድ ብሎ እንደመመለስ ይመስለው ይሆናል። አይደለም። ተኝተው ነቅተው፣ ደግመው ተኝተው የሚነቁበት መንገድ ነው።

ኮፒ ቤቱ ያበሻ ደንበኛ አያጣም። አንዱ የኮንሰርት ፍላየር፣ አንዱ የምግብ ቤት ሜኑ፣ አንዱ የታክስ እሠራለሁ ማስታወቂያ፣ አንዱ የሠርግ ጥሪ ይዞ ይመጣል። ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው፦ ከዳር እስከ ዳር ጢም ያሉ። በአራቱም ማዕዘን አበባ፣ ከአበባው ሥር ስልክ ቁጥር፣ ከስልኩ ጎን ያው ስልክ ቁጥር በሌላ ቀለም፣ በመሐል ደግሞ የባለቤቱ ፎቶ በከረባት። «እዚህ ጋ ትንሽ ብንተወውስ?» ብላ ስትጠይቅ ሁሉም አንድ መልስ ነው የሚሰጧት፤ «እህቴ፣ ወረቀቱን የገዛሁት ሙሉውን ነው።»

ሐኪማ የተበላሹ ቅጂዎችን ከመጣያው እያወጣች ወደ ቤት ትወስድ ጀመር። ኮምፒውተር አልነበራትም። ማስመሪያና እርሳስ ይዛ ያንኑ ፍላየር በንጹሕ ወረቀት ላይ ደግማ ትነድፈዋለች፦ ይሄ ወደዚህ፣ ያ ወደዚያ፣ ይቺ አበባ ወደ ውጭ። ልጇ ሰጂዳ ያኔ ትንሽ ስለነበረች አጠገቧ ቁጭ ብላ ባዶ ቦታውን በከለር ትሞላባት ነበር። እናት ላጲሷን አንስታ ታጠፋለች፤ ልጅ ትሞላለች። የሐኪማ የማስተማር ልምምድ የተጀመረው እዚያ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብታ ኮርሱን ተማረች፤ ቀጥላ የኮምፒውተር ክፍሉ ረዳት ሆነች፤ የቀድሞው አስተማሪ ጡረታ ሲወጣ ደግሞ «እኔ ላስተምር» ብላ ኃላፊዋ ቢሮ ሄደች። ኃላፊዋ ጨዋ ፈረንጅ ናት፤ ነገሩን በስኳር ለውሳ፣ «ተማሪዎቹ አክሰንትሽን ይረዱት ይሆን?» አለቻት።

«ማውስ አክሰንት የለውም» አለች ሐኪማ። ሥራውን አገኘች።

የኮርሱ ስም ረጅም ነው፤ ደስክቶፕ ፐብሊሺንግና የዶክመንት ዲዛይን። ሥራው ግን አጭር ነው፤ ጽሑፍና ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጡ ሳይጣሉ ጎን ለጎን እንዲኖሩ ማድረግ። ቅዳሜ ጠዋት ይሰጣል፣ ክሬዲት የለውም፣ ከሜሪላንድም ከቨርጂኒያም መምጣት ይቻላል። እሷም በሽታው ይዟታል። ምግብ ቤት ገብታ ሜኑ ሲሰጧት መጀመሪያ የምታየው ክትፎውን ሳይሆን የገጹን ኅዳግ ነው። አስተናጋጁ «ምን ላምጣልሽ?» ሲላት፣ «ይሄን ማን ነው የሠራላችሁ?» ትለዋለች። ሰጂዳ አሁን ታዳጊ ሆናለችና በዚህ ጊዜ ጠረጴዛው ሥር ልትገባ ትደርሳለች። «ማም፣ ፕሊስ። ሰው እያየን ነው።»

በ2009 ክረምት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለታችን ነው፣ ኃላፊዋ ሐኪማን ጠራቻት። በጸደይ ክፍሉ ባዶ ወንበር በዝቶበት ነበር። «ለመስከረሙ እስከ ምዝገባው የመጨረሻ ዓርብ ድረስ አሥራ ሁለት ሰው ካልሞላ ኮርሱ ይሰረዛል» አለቻት። አንዴ የተሰረዘ ኮርስ እንደማይመለስ ሁለቱም ያውቃሉ።

ያ ክፍል ለሐኪማ ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ አገር ስሟ በር ላይ የተጻፈበት ቦታ እሱ ብቻ ነው። ፓርኪንጉ ሣጥን ላይ «ቁም» ነበር የተጻፈው፤ ኮፒ ቤቱ በር ላይ «ግፋ» ነው። ስለዚህ አላለቀሰችም፤ ለማንም ስሞታ አላሰማችም። «አሥራ ሁለት ሰው የት ይገኛል?» ብላ አሰበች፤ መልሱም ወዲያው መጣላት። የሐበሻ አሥራ ሁለት ሰው ያለ ጥሪ የሚገኘው ዕድር ላይ ነው።

እሷ ያለችበት የወሎ ልጆች ዕድር እስላሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ የሚያስተዛዝን ነው፤ ያገር ቤቱ ልማድ ነው፣ አትላንቲክን ተሻግሮም አልተበተነም። ሊቀ መንበሩ አቶ አሥራት የለቅሶ ወረቀቱን የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ በኩራትም ነው የሚሠሩት። የሳቸው ወረቀት ላይ መስቀል አለ፣ ሻማ አለ፣ የወይራ ቅጠል የያዘች ነጭ ርግብ አለች፤ ሟቹ እስላም ከሆነ መስቀሉ ይወጣል፣ ርግቧ ግን ለሁሉም ናት።

በዚያው ዓመት በጸደይ ይህችው ርግብ ባለችበት ወረቀት ጉድ ፈልቷል። አንድ የአናንዴል ምግብ ቤት ለወረቀቱ ማሳተሚያ አግዞ ስለነበር፣ አቶ አሥራት ውለታ ለመመለስ የምግብ ቤቱን ስምና አድራሻ ከታች በደማቁ አስገቡለት። በጣም ደማቅ ሆነ። ለቅሶ ቤቱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እዚሁ እፊታቸው ሆኖ ሳለ፣ ሦስት መኪና ሙሉ ለቀስተኛ ቤልትዌይ የሚሉትን የቀለበት መንገድ ይዞ፣ ወንዝ ተሻግሮ አናንዴል ወረደ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ «ወይኔ ወንድሜ!» እያሉ በሩን ከፍተው ገቡ። ውስጥ ቤቢ ሻወር ነበር። እርጉዟ ወንበሯን ትታ መጸዳጃ ቤት ገብታ ቆለፈች። ፊኛ የምትነፋው እህቷ ፊኛውን ለቀቀችው፤ ፊኛው ጢጥ እያለ ለቀስተኞቹ ላይ ዞረ። ባለ ምግብ ቤቱ ግን ያገሩ ልጅ ነው፦ «ከመጣችሁ አይቀር ቀምሳችሁ ሂዱ» አላቸው። ቀምሰው ሄዱ።

ሐኪማ በሐምሌው ስብሰባ ላይ እጇን ያወጣችው ይህን ይዛ ነው።

«የአናንዴሉ ነገር የለቀስተኞቹ ጥፋት አይደለም» አለች። «የወረቀቱ ነው።»

አቶ አሥራት ተቆጡ። «ምን ጎደለው? ሁሉም ነገር አለበት!»

«እሱ ነው ችግሩ ጋሼ። ሁሉም ነገር አለበት።»

«ርግቧ ምን አደረገችሽ?»

«ርግቧ ምንም አላደረገችኝ። ግን ሰው ርግቧን፣ ሻማውን፣ አበባውንና የምግብ ቤቱን ጥብስ አይቶ ሲጨርስ ለቅሶ ቤቱ ጋ ሳይደርስ ይደክመዋል።» ከዚያ ወደ ተሰብሳቢው ዞረች። «ቅዳሜ ቅዳሜ አስተምራለሁ። ለመስከረም ተመዝገቡ። የሚቀጥለውን የለቅሶ ወረቀት ደግሞ እኔ እሠራላችኋለሁ፤ አይታችሁ ካልወደዳችሁት አትምጡ።»

«የሚቀጥለው» ስትል ሰው ሁሉ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ፊት ማየት ጀመረ።

ያም ሆኖ ስብሰባው ፍሬ አፈራ። ነሐሴ ሲያልቅ ስምንት ሰው ተመዝግቧል። ብሥራት የምትባል ነርስ ደግሞ ከሁለት የአክስቶቿ ልጆች ጋር እንደምትመጣ ቃል ሰጥታለች። ሐኪማ አንድ ሰው ብቻ ነው የጎደላት፤ እሱንም ከግዜር ዘንድ እየጠበቀች ነበር።

ከግዜር ዘንድ የመጣው ግን ሌላ ነው። የብሥራት እናት ወይዘሮ እታለማሁ አረፉ።

ብሥራት አልቅሳ ሳትጨርስ ለሐኪማ ደወለች። «ቃል ገብተሻል፤ የእማዬን አንቺ ነሽ የምትሠሪው» አለቻት። የስሞቹን ዝርዝር ስትልክላት ሐኪማ ደነገጠች። ያበሻ ለቅሶ ወረቀት ላይ ሟች ብቻዋን አትሞትም፤ የእገሌ እናት፣ የእገሌ እህት፣ የእገሊት አክስት፣ ከዳላስ፣ ከሲያትል፣ ከቶሮንቶ። አንድ ስም ከቀረ ዘመድነት ይቀራል። ስሞቹን ከፊት ካስገባች ደግሞ ያቺው የአናንዴል ወረቀት ልትሆን ነው።

ሐኪማ በሲልቨር ስፕሪንግ ስታልፍ ያየችውን አስታወሰች። ያበሻ ሱቆች ወረቀት የሚለጥፉት የመስታወት በራቸው ላይ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ሁለት ፊት አደረገችው። በፊቱ የወይዘሮ እታለማሁ ፎቶ፣ ስማቸው፣ የፍትሐቱ፣ የቀብሩና የለቅሶ ቤቱ አድራሻና ሰዓት፤ ዙሪያው ንጹሕ ነጭ። በጀርባው ዘመድ ሁሉ፣ ማንም «እኔ ልቅደም» እንዳይል በዕድሜ ተራ። ወደ ሱቁ የሚገባ ሰው የት እንደሚሄድ ያነባል፤ የሚወጣ ሰው ማን እንዳዘነ ያነባል። ብሥራት ስታየው፣ «እማዬን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን አየኋት» አለች።

አሁን ግድግዳው ጋ ደርሰናል።

ማሙሽ ስሙ ነው እንጂ ዕድሜው አይደለም፤ ስድሳን ጨብጧል። ጀርመንታውን የምትባል የሜሪላንድ ከተማ ውስጥ ሥጋ ቤት ያለው ሱቅ አለው። በሐምሌ አንድ ደንበኛ መኪናውን ወደ ፊት መስሎት ወደ ኋላ ነድቶ የመስታወት በሩን አፍርሶበታልና ማሙሽ ተማሮ የብረት በር አስገጠመ። የእታለማሁ ወረቀት ሲመጣለት ሥጋ መቁረጫው አጠገብ ግድግዳው ላይ፣ በአራቱም ጎን በሰፊ ቴፕ ግጥም አድርጎ ለጠፈው። ማሙሽ ነገር ሲለጥፍ ለልጅ ልጅ ነው።

የወይዘሮ እታለማሁ ታላቅ ወንድም ጋሽ በፈቃዱ እዚያው ጀርመንታውን ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ለለቅሶ ቤቱ ውሃ ሊገዙ ገቡና ከወረቀቱ ፊት ቆሙ።

«ማሙሽ፣ ይሄ ምንድነው?»

«የእህትዎ ነው ጋሼ። ነፍሳቸውን ይማር።»

«እሷንስ አየኋት። እኔ የት አለሁ?»

ማሙሽ ቢላውን አስቀምጦ መጣና አየ። ከላይ ወደ ታች ፈለገ፤ ከታች ወደ ላይ ፈለገ። ጋሽ በፈቃዱ ጣታቸውን ነጩ ቦታ ላይ አሳረፉ።

«ይሄ ሁሉ ባዶ ቦታ እያለ ለእኔ ስም ቦታ ጠፋ?»

ለሥጋ የተሰለፈ ሰው እጁም ጆሮውም ሥራ ፈት ነው። ወሬው ከጋሽ በፈቃዱ ቀድሞ ለቅሶ ቤት ገባ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ብሥራት ለሐኪማ ደውላ የግድግዳውን ነገር ነገረቻት። ምዝገባው የሚዘጋው በማግስቱ ነው። «ስሙ ጀርባው ላይ እንዳለ ለአጎቴ ነግሬዋለሁ» አለቻት። «‹ግድግዳ ጀርባ የለውም› ይላል። ወረቀቱን ላሳይህ ብለው ‹አላይም› አለ። ሐኪማዬ፣ አጎቴ እንደዚህ ተከፍቶ እኔና የአክስቶቼ ልጆች ያንቺ ክፍል ብንመጣ ምን ይባላል? ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ሐኪማ ስልኩን ዘግታ ቦርሳዋን አነሳች። ሰጂዳ ከሶፋው ላይ ቀና አለች።

«ማም፣ ጀስት ቴክስት ሂም።»

«ጋሽ በፈቃዱ ቴክስት አያነቡም።»

«ዴን ኮል ሂም።»

«ለቅሶ በስልክ አይደረስም። ቴፑን አቀብይኝ።»

«ቴፕ? ለለቅሶ?»

«አቀብይኝ አልኩሽ።»

ረመዳን ነበር፤ ሐኪማ ጾመኛ ናት። ለቅሶ ቤቱ ሰው በሰው ላይ ነው። ገብታ እንደ ደንቡ አለቀሰች፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ውሃ ሲያመጡላት «ጾም ነኝ» ብላ መለሰች። ጋሽ በፈቃዱ ከወዲያ ማዶ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። ሰው አላዩም፤ ጣሪያውን ነው ያናገሩት።

«ባዶ ነገር የሚወዱ ሰዎች ባዶ ሆድ ይዘው መጡ።»

አንድ ሁለት ሰው ሳል አስመስሎ ሳቀ። ሐኪማ አንገቷን ደፋች። ለቅሶ ቤት አይከራከሩም። የተቀመጡት ሰዎች ወሬ ቀዝቀዝ እስኪል ጠበቀች፤ ከዚያ ተነሳች፤ ከቦርሳዋ ወረቀቱን አወጣች፣ ወደ በረንዳው የሚያወጣው ሰፊ መስታወት ሄደች፣ ለጠፈችው።

«ጋሼ» አለች፤ «ካጠፋሁ እዚሁ ሰው ፊት ይውቀሱኝ። አስቀድመው ግን አንዴ በረንዳው ላይ ይውጡልኝ።»

«ውጭ ይዘንባል።»

«ጣሪያ አለው ጋሼ።»

«አልወጣም!»

«ጋሼ፣ በእህትህ ሞት» አለች ብሥራት።

ጋሽ በፈቃዱ ተነሡ። ጋቢያቸውን ጠቅለል አድርገው፣ እያጉተመተሙ ወጡ፤ ተንሸራታቹን በርም ከበስተኋላቸው ዘጉት። ከውስጥ የተቀመጠው ሰው የሚያየው የወይዘሮ እታለማሁን ፎቶ ነው፤ ከፎቶው አጠገብ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ደግሞ የወንድማቸው ፊት መጣ። ግንባራቸው አንድ ነው። እስከዚያ ሰዓት ማንም ልብ ያለው አልነበረም። ጋሽ በፈቃዱ መነጽራቸውን አወጡ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጣታቸው መስታወቱ ላይ ከስም ወደ ስም ወረደ፤ አንዱንም ሳይዘል እስከ ቶሮንቶ ድረስ ሄደ። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሶ አንደኛው ስም ላይ ቆመ፤ እዚያም ቆየ። አንዲት ሴት እንደ አዲስ ማልቀስ ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

ጋሽ በፈቃዱ ትከሻቸው ረጥቦ ገቡ። ጣሪያው ያን ያህል አልነበረም።

«አንደኛ ነኝ» አሉ።

«በዕድሜ ነው ጋሼ።»

«ግን ጀርመንታውን ግድግዳ ነው።»

«ልክ ነዎት» አለች ሐኪማ። «ግድግዳውን ሳላይ ሠራሁት። ጥፋቱ የኔ ነው። የአርባቸውን ወረቀት ስሞቹን ሁሉ ከፊት አስገብቼ እሠራዋለሁ። ግን ብቻዬን አልሠራም። ቅዳሜ ክፍሌ ይምጡና አጠገቤ ይቀመጡ።»

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ ትምህርት ቤት?»

«ስምዎን ታዲያ ማን ይጠብቅልዎት?»

ጋሽ በፈቃዱ መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

እዚህ ላይ ሌላ ውሸት መታረም አለበት። «ሐኪማ ለቅሶ ቤት ገብታ ተማሪ መዘገበች» ይባላል። ፈጽሞ! ለቅሶ ቤት ውስጥ ማንንም አልመዘገበችም። የመዘገበችው ፓርኪንጉ ላይ ነው፤ ላፕቶፑን የመኪናዋ ኮፈን ላይ አድርጋ፣ ብሥራት ጃንጥላ ይዛላት። ብሥራት፣ የአክስቶቿ ልጆች፣ በመጨረሻም ጋሽ በፈቃዱ፤ አሥራ ሁለተኛው። ከዚያ ፀሐይ ገብታ ነበርና ከመኪናው ውስጥ ቴምር አውጥታ ጾሟን እዚያው ፈታች፤ ለጋሽ በፈቃዱም አንድ ሰጠቻቸው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጋሽ በፈቃዱ ኮት አድርገው፣ ፊተኛው መደዳ ላይ ተቀመጡ። ማውሱን እንደ ታክሲ መሪ በሁለት እጅ ያዙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ የሁለት ሰው ሙግት ሆነ።

«ይሄ ቦታ ለምን ባዶ ሆነ?»

«ዓይን እንዲያርፍ ነው ጋሼ።»

«ዓይን ማረፍ ከፈለገ ይተኛ!»

ሐኪማ አልተበሳጨችም። አበባ ሲያስገቡ ዝም ትላለች፤ ቀጥለው ርግብ ፍለጋ ሲሄዱ ዝም ትላለች። በርግጥ ርግቧን በኢሜይል የላኩላቸው አቶ አሥራት ናቸው፤ ውስጥ አዋቂ ማለት እንዲህ ነው። የእታለማሁ አርባ ሲቃረብ ግን ክፍሉን በሙሉ አስነሥታ፣ «መኪና ያላችሁ የሌላችሁን አሳፍሩ፤ ዛሬ የምንማረው ጀርመንታውን ነው» አለች።

«ሽርሽር ነው?» አሉ ጋሽ በፈቃዱ።

«የግድግዳ ጉብኝት ነው።»

የማሙሽ ሱቅ ውስጥ አሥራ ሁለቱንም ሥጋ ተራ ላይ አሰለፈቻቸው። ማሙሽ ገበያ መስሎት ቢላውን ሳለ። ሐኪማ ሁለት ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፈች። አንደኛው ክፍሉ የሠራው ነው፦ ፎቶው፣ ሰዓቱና ቦታው ከላይ፤ ስሞቹ ከታች በሁለት ዓምድ፤ መሐሉ ነጭ። ሁለተኛው ጋሽ በፈቃዱ ብቻቸውን የሠሩት ነው፤ ምን እንዳለበት ከመናገር ምን እንደሌለበት መናገር ይቀላል።

«ጋሼ፣ ባለፈው የቆሙበት ቦታ ይቁሙልኝ። አሁን ስምዎን ይፈልጉ።»

ከክፍሉ ወረቀት ላይ ወዲያው አገኙት። ከራሳቸው ላይ ፈለጉ። ራሳቸውን ዘመም አደረጉ፤ መነጽራቸውን ጠረጉ፤ አንድ እርምጃ ቀረቡ።

«አይቅረቡ ጋሼ፣ ከፊትዎ ሰው አለ።»

«ዝም በይ፣ አለሁ እኮ። ራሴ ነኝ የጻፍኩት።»

«ርግቧ ሥር ይፈልጉ» አለ ማሙሽ ከወዲያ። ተራው በሙሉ ሳቀ። ጋሽ በፈቃዱ ማሙሽን ገላመጡት፤ ከዚያ ሄደው የራሳቸውን ወረቀት ከግድግዳው ላቀቁ፣ አጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳይነገራቸው አንድ አበባ ሰረዙ፤ በሌላው ቅዳሜ ሌላ።

የአርባው ቀን ማንም አናንዴል አልሄደም። አቶ አሥራት ብቻ ወረቀቱን አገላብጠው፣ «ርግቧስ?» አሉ።

«በረረች» አሉ ጋሽ በፈቃዱ። መልሱን የሰጡት እሳቸው መሆናቸው ለብዙ ሳምንት ተወርቷል።

ዲሴምበር ላይ የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ። ተማሪዎቹ ለማጠቃለያ የፈለጉትን አንድ ገጽ ሠርተው ግድግዳው ላይ እንዲለጥፉ ታዘዋል። የዚያን ቀን ጠዋት ኃላፊዋ ኮሪደሩ ላይ ሐኪማን አግኝታ «ኮንግራጁሌሽንስ» ካለቻት በኋላ ነገሩን በስኳሯ ለውሳ ጨመረችላት፦ ጃንዋሪ ላይ ክፍል ሁለት የሚከፈተው እንደገና አሥራ ሁለት ሰው ከሞላ ነው። ሐኪማ ገብታ ለተማሪዎቹ ይህንኑ ነገረቻቸው። ሁሉም እንመጣለን አሉ። ያበሻ እንመጣለን ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው።

ከዚያ ሥራውን ለማየት ተነሳች። ብሥራት ለሆስፒታሏ የክትባት ማስታወቂያ ሠርታለች። አንዱ የፒዛ ሜኑ፣ ሌላዋ የልጇን የልደት ጥሪ። መጨረሻው ላይ፣ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ፣ የጋሽ በፈቃዱ ተለጥፏል።

የለቅሶ ወረቀት ነው። የራሳቸው።

ፎቶው የወጣትነታቸው ነው፤ ታክሲያቸውን ተደግፈው። ስማቸው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ቀብሩ፣ ለቅሶ ቤቱ፤ ከታች የልጆቻቸው፣ የብሥራትና የሌሎቹ ዘመዶች ስም በዕድሜ ተራ። አንድም አበባ የለ። ባዶ ቦታው ሐኪማ ራሷ ከምትተወው የሰፋ ነው፤ ስሙና ፎቶው መሐሉ ላይ ተንሳፍፈው ይታያሉ። ከ«ቀን» አጠገብ ብቻ ምንም አልተጻፈም።

ክፍሉ በሙሉ መጥቶ ከኋላዋ ቆመ። ብሥራት አፏን በእጇ ያዘች።

«ባዶ ቦታ ስትይኝ ከርመሽ የለም?» አሉ ጋሽ በፈቃዱ፤ ድምፃቸው ኩራትም ነበረው ሌላም ነገር። «ይኸው። ማሙሽ ግድግዳ ላይ ለክቼዋለሁ፤ ከሥጋ ተራው ይነበባል። ቀኑ ነው የቀረው።»

ሐኪማ ቀረብ ብላ አየችው፤ ራቅ ብላ አየችው። ኅዳጉን በጣቷ ለካች። የስሞቹን ተራ አንድም ሳትዘል እስከ ታች አነበበች። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ጋሼ፣ እንከን የለውም» አለች። «ቀኑን ብቻ ከጃንዋሪው ምዝገባ በፊት እንዳያደርጉብኝ። አሥራ ሁለተኛዬ እርስዎ ነዎት።»

ጋሽ በፈቃዱ ወረቀቱን ከግድግዳው ላቀቁ፣ አጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።